እትዬ ዘነበች ያላመኗቸው ፊልሞች

አቤል የደወለልኝ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው። አቤል የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ስልክ ላይ ብዙ አያወራም፤ ያን ቀን ደግሞ ጭራሽ ቃል ጠፋው።

«ሰናይት፣ የት ነሽ?» አለኝ።

ነገርኩት።

«ታክሲ ይዘሻል?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው እስቲ ከሰልፉ ውጪ» አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ከሰልፉ ግን አልወጣሁም። ሰልፉ ሄደ፣ እኔ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ «እህቴ፣ ትሄጃለሽ ወይስ ለሰው ቦታ ይዘሽ ነው?» አለኝ።

እትዬ ዘነበች አርፈው ነበር።

ይህን ነገር ፊልም ላይ ቢያዩት እንደማይወዱት አውቃለሁ። «መርዶ በስልክ? ያውም ታክሲ ሰልፍ ላይ? ልጅቷ ዘመድ የላትም እንዴ?» ይሉ ነበር። ከዚያ ሻያቸውን ፉት ብለው ወደ ሥራቸው።

የተዋወቅነው ካዛንቺስ፣ አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ካሳ ክፍል ውስጥ ነው። ካሳ ክፍል ማለት መኪናው የተጋጨበት፣ ሱቁ የተቃጠለበት ሰው መጥቶ የደረሰበትን የሚናገርበት ክፍል ነው። እውነቱን የሚናገር አለ፤ ትንሽ ጨው ጣል የሚያደርግበት አለ፤ ከነጭራሹ መኪና የሌለው አለ። እትዬ ዘነበች የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት ይህን ሲያዳምጡ ነው። አጠር፣ ደልደል ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር ከአንገታቸው ያንጠለጠሉ ሴት ነበሩ። ሰው ሲያወራ አያቋርጡም። ሰውዬው ሲጨርስ መነጽራቸውን ያደርጉና «እስቲ እንደገና ንገረኝ» ይሉታል። ሁለተኛው ላይ የሚወድቀው ብዙ ነው።

ቤታቸው ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ነበር፤ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት። እዚያ ከባለቤታቸው ከጋሽ ደምሴ ጋር ይኖራሉ። አንዲት ልጃቸው ሜሮን አግብታ ወጥታለች። ቅዳሜና እሁድ ፊልም ያያሉ። ሜሮን ፍላሽ ላይ ጭና የምታመጣላቸውን፣ ዩቲዩብ ላይ ያገኙትን፣ ዲሹ የሰጣቸውን ሁሉ ያያሉ፤ የቱርክ፣ የህንድ፣ የኮሪያ፣ የአማርኛ ብለው አይመርጡም። ሰኞ ጠዋት ሻይ ሲመጣ ደግሞ ለእኛ ይነግሩናል። በትረካቸው ውስጥ ሳቅም የለ፣ ቁጣም የለ። የጎረቤት አጥር መውደቁን የሚያወሩ ነው የሚመስሉት።

«እትዬ፣ ምን አዩ?»

«አንድ የአሜሪካኖች» ይላሉ ስኳራቸውን እያማሰሉ። «ሰውዬው ሚስቱን ገደሉበት፤ እሱ ደግሞ ተነሥቶ ከተማውን ጨረሰው። የሞተው ሰው ተቆጥሮ አያልቅም። አንድም ቦታ ግን ድንኳን አልተተከለም።»

«እሱ እኮ አክሽን ነው እትዬ።»

«ይሁን። ቀባሪ ግን ያስፈልጋል።»

መኪና ሲሳደድ ካዩ ያን ሳምንት አያልቅላቸውም። «ያ ሁሉ መኪና ተገለበጠ፤ ትራፊክ አልመጣ፣ የአደጋ ፕላን አልተነሣ! የሚከፍለው ማን ነው?» ይላሉ። የቱርኮቹ ላይ የከነከናቸው ደግሞ ሌላ ነበር። «ሴትዮዋ ከእንቅልፏ ስትነሣ ሊፒስቲክ ተቀብታለች። ደምሴን ቀስቅሼ አሳየሁት። ‹ተቀብታ ተኝታ ይሆናላ› ብሎኝ ተመልሶ ተኛ።»

ጋሽ ደምሴ ፊልም አይተው አያውቁም ማለት ይቻላል። ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፤ የተዋናዮቹ ስም ተጽፎ ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ፊልሙ ሲያልቅ ሙዚቃው ያነቃቸውና «ማን ሞተ?» ብለው ይጠይቃሉ። እትዬ ዘነበች ይነግሯቸዋል። «አዬ፣ ጥሩ ልጅ ነበር» ብለው ወደ መኝታቸው ይሄዳሉ።

እትዬ ዘነበች አንድን ፊልም ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው አይሉም ነበር። «ልብስ እየተኮሱ ይታያል» ካሉ፣ እንግዲህ እንደዚያ ነው። ትንሽ ካከበሩት «ቁጭ ተብሎ ይታያል» ነው። ከዚያ በላይ የሆነውን «ሽንኩርት አሳረረብኝ» ይሉታል፤ ይህን ግን ከአፋቸው የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው። አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጃችን ስለ አመራር ጥበብ የሚያስተምር ዘጋቢ ፊልም ለሁላችን ላከልንና ስብሰባ ላይ እንዴት እንዳየነው ጠየቀን። አንዱ «በጣም አስተማሪ ነው» አለ፤ ሌላው «ራሴን እንድፈትሽ አድርጎኛል» አለ። እትዬ ዘነበች ጋ ሲደርስ «እኔ ሁለት መጋረጃና የደምሴን ሸሚዞች ተኩሼበታለሁ» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ደስ አለው። «አያችሁ፣ ሥራም እየሠሩ መማር ይቻላል» ብሎ ማስታወሻ ያዘ።

አቤል ወደ ክፍላችን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቂርቆስ ተወልዶ ያደገ፣ እናቱ ጉሊት ቸርችራ ብቻዋን ያሳደገችው ልጅ ነው። እናቱ ባረፈች በዓመቱ ስለ እሷ አጭር ፊልም ሠራ። ቅዳሜና እሁድ ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ ካሜራ ተከራይቶ ነው የሠራው። መስቀል ፍላወር ካፌ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ቆንጆ ልጅ ነበረች፤ ፀጉሯን ዱቄት ነስንሶ እናት አደረጋት። ዩቲዩብ ላይ ሲጭነው ለሁላችንም በቴሌግራም ላከልን። ሁላችንም አየነው፤ ሁላችንም «አሪፍ ነው»፣ «አስለቀስከን እኮ» አልነው። እኔም አልቅሻለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ያስለቀሰኝ ሙዚቃው ነው።

አቤል ግን የሚጠብቀው ሰኞን ነበር።

ሻይ መጣ። አቤል ሻዩን ሳይነካ ፈገግ አለ። «እሺ እትዬ፣ ማለቴ... ካዩት።»

«አየሁት» አሉ። «ምስሉ ጥሩ ነው። ድምፁም ይሰማል፤ የኛ ፊልም ላይ ሁልጊዜ አይሰማም። እናትየዋ ግን የለችም።»

«እንዴት የለችም?»

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታቅፋለች፣ ትጸልያለች፣ ታለቅሳለች። ፀሐይ ላይ ውላ የምትገባ፣ ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት ብለኸናል። አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችም። አንድ ቀን እንኳ አልደከማትም። እንዲህ ያለች ሴት እዚህ መጥታ ካሳ ብትጠይቀኝ ፋይሏን እመልሰው ነበር።»

ማንም አልሳቀም።

«እናቴ እኮ ናት» አለ አቤል። «የራሴ እናት።»

«አውቃለሁ፤ ነፍሷን ይማር። እኔ የማወራው ስለ ፊልሙ ነው።»

አቤል ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አይላቸውም። ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ነው፤ ፋይል ሊያቀብላቸው ሲፈልግ ግን ተነሥቶ ዞሮ ለእኔ ይሰጠኛል፤ እኔ ለእሳቸው አቀብላለሁ። የክፍሉ ሰው ለሁለት ተከፈለ። አብዛኛው «ምን አለበት ቢያመሰግኑት? ለቤተ ክርስቲያን ስለት አልተሳሉ፣ እውነት ብቻ ላውራ ብለው» ይል ነበር። እኔም አንድ ቀን ደረጃ ስንወርድ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ቢሉት ምን አለበት?»

«ምን ብዬ? ያየሁትን አላየሁም ብዬ?»

«ልጁ እኮ ሐዘን ላይ ነው።»

«ሐዘን ላይ ስለሆነማ ነው የነገርኩት» አሉ መደገፊያውን ይዘው ቆም ብለው። «እናቱ ሁለት ጊዜ ሞታበታለች። አንዴ በሕመም፣ አንዴ በፊልም። የመጀመሪያውን ምንም ማድረግ አይቻልም።»

ነገሩ እሳቸውንም ሳይነካቸው አልቀረም። በሚቀጥለው ሰኞ «ምን አዩ?» ስንላቸው «ምንም» አሉ። ቴሌቪዥኑን አልከፈቱትም። ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞም አልከፈቱትም። ጋሽ ደምሴ ቴሌቪዥኑ ዝም ሲል እንቅልፍ እምቢ እንዳላቸው ሰማን።

በመጨረሻ አንድ ከሰዓት፣ ባለጉዳይ በሌለበት ሰዓት፣ እትዬ ዘነበች ወንበራቸውን ወደ አቤል አዞሩ።

«አቤል፣ እናትህ ስትቆጣ ምን ታደርግ ነበር?»

አቤል ከኮምፒውተሩ ቀና አላለም። መልስ የሚሰጣቸው አልመሰለኝም ነበር።

«ጫማ ትወረውር ነበር» አለ ቆይቶ።

«ታገኝሃለች?»

«አንድም ቀን ስታ አታውቅም። በር ዘግቼ ስሮጥ እንኳ... በቃ፣ በመስኮት።»

«ስትራገምስ?»

«‹አባትህን ምሰል› ነበር የምትለኝ።» አቤል መሳቅ ጀመረ። «‹እንደ አባትህ ያድርግህ!› ትልና፣ ወዲያው ደግሞ ደንግጣ ‹ስምህን ቄስ ይጥራው፣ ምን አናገርከኝ!› ትለኛለች። አፏን ትይዛለች።»

«ታዲያ ይቺ ሴትዮ የት ሄደች?» አሉት እትዬ ዘነበች።

አቤል እየሳቀ ነበር፤ ከዚያ እየሳቀ እንዳልሆነ አየን። እትዬ ዘነበች አልነኩትም፣ አላባበሉትም። ወንበራቸውን ወደ ቦታው መልሰው የያዙትን ፋይል ማንበብ ቀጠሉ። ሰውን የሚያከብሩት እንደዚህ ነበር።

አቤል ፊልሙን ከዩቲዩብ አጥፍቶ እንደገና ሊሠራው ተነሣ። ሳምንት ሳይሞላው እሳቸውን እናት ሆነው እንዲጫወቱለት ለመናቸው።

«እኔ ተዋናይ አይደለሁም» አሉ።

«እሱማ አይደሉም። ለዚያ ነው እኮ።»

ቀረጻው እሳቸው ቤት ሆነ። ሰፈሩ ለልማት ሊነሣ እንደሆነ ተነግሮ ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ ዕቃ ያሰናዳል፤ የአቤል ጓደኞች «ጸጥታ!» ሲሉ ከአጥሩ ማዶ ቁም ሣጥን ሲገፋ ይሰማል። ልጁን ሆኖ የሚጫወተው አቤል ራሱ ነበር። እትዬ ዘነበች ጫማ እንዲወረውሩ ተነገራቸው። ኮንጎ ጫማቸውን አወለቁና ምንም ሳያመነቱ ወረወሩ። ጫማው ከአቤል ራስ በላይ አለፈና ከካሜራው ኋላ ሶፋ ላይ የተኙትን ጋሽ ደምሴን ደረታቸው ላይ አገኛቸው። ጋሽ ደምሴ ብድግ አሉ። «ማን ሞተ?» አሉ።

የቀረጻው ልጅ ካሜራውን ጥሎ ወለል ላይ ተቀመጠ። አቤል በሳቅ ግድግዳ ተደገፈ። እትዬ ዘነበች በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በአንድ እግራቸው ባዶ ቆመው «ለአቤል ነበር፤ ተመለስና ተኛ» አሏቸው። ከዚያ ወደ አቤል ዞሩ። «እጄ ተበላሽቷል። እንደገና እንሥራው።»

አንድ ቦታ ላይ ግን አልግባባ አሉ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ደርሶት ክፍለ ሀገር ሲሄድ እናትየዋ አውቶብሱ በር ላይ ታለቅሳለች ይላል ጽሑፉ።

«እዚህ አላለቅስም» አሉ።

«እትዬ፣ ልጅዎ እኮ መሄዱ ነው።»

«ሜሮንን ድሬዳዋ የሸኘኋት ጊዜ አላለቀስኩም። የት ጊዜ አለ? ሻንጣዋን ጣሪያ ላይ በደንብ አሥረውት ይሆን እያልኩ ነበር። ያንተ እናት አልቅሳ ነበር?»

አቤል አሰበ። «አይ። ‹ካልሲ ይዘሃል?› ነው ያለችኝ።»

«እሱን እላለሁ።»

ፊልሙ ላይ ያሉትም ይህንኑ ብቻ ነው። አውቶብሱ ሞተሩን ሲያስነሣ በመስኮቱ ቀና ብለው፣ ባለጉዳይ እንደሚያናግሩ ሁሉ፣ «ካልሲ ይዘሃል?» ይሉታል። ሙዚቃ የለውም። እኔ ቤቴ ሆኜ ሳየው ሪሞቱን ፍለጋ ተነሣሁ፤ ላቆመው ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁትም።

ሰኞ ሻይ ሲመጣ ከሌላ ክፍል ሳይቀር ሰው ተሰብስቦ ነበር። አቤል በዚህኛው ቀን ፈገግ አላለም።

«ሴትዮዋ ትንሽ ወፍራለች» አሉ እትዬ ዘነበች። «መሐል ላይ አንድ ሁለት ቦታ ካሜራውን ታያለች፤ ነውር ነው። ቤቱ ደግሞ ጠቧል፤ ስኖርበት እንደዚያ ጠባብ አልመሰለኝም ነበር።» ሻያቸውን ፉት አሉ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። «እናትየዋ ግን አለች።»

አቤል ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ጀርባውን ሰጥቶን መንገዱን ሲያይ ቆየ። ሲመለስ የሳቸውን ባዶ ብርጭቆ አንሥቶ ሌላ ሻይ ሊያመጣላቸው ወጣ።

ያ ዓመት ሳያልቅ ሰፈሩ ተነሣ። እትዬ ዘነበችም ጡረታቸው ደረሰ። ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ገቡ። ስደውል ስለ ደረጃው ያማርራሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ቴሌቪዥን ጮክ አድርገው እንደሚከፍቱና «ምርጫቸው ግን ደካማ» እንደሆነ ይነግሩኛል። የድሮ ቤታቸው የቆመበት ቦታ ላይ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፤ በዚያ ሳልፍ በሩ የቱ ጋ እንደነበር ለመገመት እሞክራለሁ፤ አይሆንልኝም። አንድ ቀን እትዬ ዘነበች ስልክ ላይ፣ ጋሽ ደምሴ የአቤልን ፊልም ሜሮን በስልኳ እየከፈተችላቸው ደጋግመው እንደሚያዩት ነገሩኝ።

«ታሪኩን ወደዱት?» አልኳቸው።

«ታሪኩን አያይም። በሩን ነው የሚያየው። በሩ ሲመጣ ‹አቁሚው› ይላታል።»

ከዚያ እትዬ ዘነበች ታመሙ። ኩላሊት ነው ተባለ፣ ጉበት ነው ተባለ፤ እሳቸው ራሳቸው «ሦስት ሐኪም አየኝ፤ ሦስቱም የተለያየ ታሪክ ነው ያላቸው፤ እንደገና ንገሩኝ ብላቸው ይወድቃሉ» አሉኝ። አንድ እሁድ ከሰዓት ልጠይቃቸው ሄድኩ። አልጋቸው ሳሎን ወጥቶ ነበር፤ ቴሌቪዥኑን በደንብ እንዲያዩ። ፊታቸው ከስቷል፤ መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ሰፍቷቸው ይንሸራተታል። ስለ ሕመማቸው ልጠይቅ ስጀምር «እሱን ተይው፤ ፊልም እንይ» አሉኝ።

ሜሮን የጫነችላቸውን አንዱን ከፈትን። የየት አገር እንደሆነ እንጃ፤ ሰዎቹ ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። አንዲት የታመመች ሴት አለች፤ አንድ ልጇ ሩቅ አገር ነው፤ ጎረቤቷ የሆነች መምህርት ታስታምማታለች። ሴትዮዋ በየቀኑ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጪኝ ትላለች። እሳቸው አንድም ስህተት አላወጡም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። መሐል ላይ ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ደከመኝ፤ አጥፊው» አሉ። «ፍላሹን ይዘሽ ሂጂ። ቤትሽ እይውና ነገ ደውለሽ ንገሪኝ።»

ቤቴ ገብቼ አየሁት። ሴትዮዋ መስኮቱ አጠገብ እንደተቀመጠች ሞተች። ልጇ የመጣው በማግስቱ ነው፤ ሻንጣውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ ፊልሙ ያልቃል። በደንብ የተሠራ ፊልም ነው። ምንም የሚነቀፍበት የለውም።

በነጋታው ምሳ ሰዓት ላይ ደወልኩ። ሜሮን ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።

«አየሽው?» ድምፃቸው ቀጥኗል።

«አየሁት እትዬ።»

«ሴትዮዋስ?»

«ተሻላት» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

«ተሻላት?»

«አዎ። መድኃኒት ተገኘላት።»

«ማን አመጣላት?»

«ልጇ።»

«ልጇ ሩቅ አገር አልነበረም?»

«መጣ።»

«ማን ነገረው?»

«መምህርቷ ደወለችለት።»

«ስልኩን ከየት አገኘች? መጀመሪያ ላይ ‹አድራሻው የለኝም› ብላ ነበር።»

ያን አላስታወስኩትም። በዚያ በኩል ሲተነፍሱ ይሰማኛል። «እስቲ እንደገና ንገሪኝ» እስኪሉኝ ጠበቅኩ። አላሉም።

«ሰናይት» አሉኝ።

«አቤት እትዬ።»

«ይሄን መጨረሻ የሠራው ሰውዬ ፊልም አይችልም።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሆደ ቡቡ ነው።» ትንሽ አረፍ አሉ። «እንደው ካገኘሽው... አልተቀየምኩህም ብላለች በይው።»

«እሺ» አልኳቸው። «እነግረዋለሁ።»